የቦይለሩ ሙቀት ስንት ይሁን?

ከአልናብሩ የዕቃ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ሃራልድሩድ የሚባል ሥፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 የኦስሎ ቆሻሻ ማቃጠያ ተከፈተበት፤ በኋላ ደግሞ ከእንጨት ብናኝ የተሠራ እንክብል የሚያነድ ማሞቂያ ተጨመረለት። እሳቱ ውሃ ያሞቃል፣ ውሃው በምድር ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ እስከ ብዙ ፎቆች ድረስ ይሄዳል። ውጭው ሲበርድ ውሃው ይበልጥ ይሞቃል፣ ፀደይ ሲገባ ይቀነሳል። ይህን የሚወስን ባለሙያ አለ። በመታጠቢያ ቤቱ ጥግ የቆመውን ቦይለር ሙቀት የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመብራት ሂሳቡ ያስደነገጠው አባወራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ የመብራት ዋጋ ሰማይ ከነካ ወዲህ በወገን መካከል ቡና በተፈላ ቁጥር የሚሰማ ምክር አለ፤ «ቦይለሩን ወደ 50 አውርደው፣ ገንዘብ ታተርፋለህ» የሚል። ምክሩ ከቅን ልቦና የመጣ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ለብ ያለ ውሃ ይወዳል። ከ20 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይራባል፣ ከ60 በላይ ይሞታል። ሰው የሚታመመው ውሃውን በመጠጣት ሳይሆን ከሻወሩ የሚወጣውን ጉም መሳይ ርጭት በመተንፈስ ነው፤ ሳንባን ይመታል፣ ይበልጥም አረጋውያንን፣ አጫሾችንና ሕመምተኞችን ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሳርፕስቦርግና በፍሬድሪክስታድ አካባቢ 56 ሰዎች ታመው 10 ሞተዋል። የዚያን ጊዜው ምንጭ የፋብሪካ አየር ማጽጃ እንጂ የቤት ቦይለር እንዳልነበረ መናገር ተገቢ ነው፤ ተውሳኩ ግን ያው ነው። የኖርዌይ የሕዝብ ጤና ተቋም ቦይለሩ ከ70 ዲግሪ እንዳያንስ፣ ቧንቧው ሲከፈትም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውሃው 60 እንዲደርስ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ትርፍ የተባለውስ? 200 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 70 ዲግሪ ለማድረስ 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይሁን እንጂ ሰው የሚታጠበው በ38 ስለሆነ ከቦይለሩ የሚወጣው ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ያንሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይበዛል፤ ለሻወሩ የሚወጣው ሙቀት ያው ነው። የሚተርፈው በበርሜሉ ግድግዳ የሚባክነው ጥቂት ብቻ ነው። ያም አልበቃ ብሎ በ70 የተሞላ በርሜል 400 ሊትር የ40 ዲግሪ ውሃ ሲሰጥ፣ በ50 የተሞላው ከ270 አያልፍም። ክርስትና ሊያስነሣ እንግዳ የሰበሰበ ቤት ይህን በቅዝቃዜ ይማረዋል። ገንዘብ የሚተርፈው በሻወሩ ራስ ነው። በደቂቃ 12 ሊትር የሚያፈሰውን በ8 ሊትር ቢለውጡት ከእያንዳንዱ ሻወር ሢሶው ይቀነሳል።

እዚህ ላይ እናቶች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ እውነትም አላቸው። 70 ዲግሪ ውሃ የሕፃን ቆዳ በአንድ ሰከንድ ገደማ ይልጣል፣ በ60ም ቢሆን ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። በአገር ቤት ውሃው በእንጨት እሳት ይፈላና በሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ይበረዛል፤ እናት ክርኗን ነክራ ሳታይ ልጅ አይገባበትም። ማቀላቀያው የእናት እጅ ነበር። እዚህ ሥራው የብላንዴቬንቲል ነው፤ በርሜሉ ውስጥ 70 የሆነውን ወደ ቧንቧው ሲወጣ ከቀዝቃዛ የሚያቀላቅል ትንሽ የነሐስ ዕቃ። ልጅ ያለበት ቤት ቦይለሩን ከማውረድ ይልቅ ይህ ዕቃ መኖሩንና መሥራቱን ማስመርመር አለበት። ሥራው የቧንቧ ባለሙያ ነው፤ ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይሻላል።

ከኦስሎ ወጣ ብለው ቤት የገዙና በግቢያቸው የእንጨት ቦይለር ያገኙም አሉ። ለእነሱ ነገሩ ጥቂት ይለያል። በማሞቂያው የሚዞረው ውሃ ከ75 እስከ 85 ቢሆን ደግ ነው፤ ከቤት ተመልሶ ወደ ምድጃው የሚገባው ግን ከ60 ሲወርድ ጭሱ ብረቱ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ጥቀርሻ ይጋገራል፣ ብረቱም ይበላል። እርጥብ እንጨት ሲጨመርበት ይብሳል። እንጨት ቆጠብኩ ያለ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ምድጃ ይገዛል ማለት ነው።

ለክረምት ወይም ለገና ወደ አገር ቤት ለሳምንታት የሚሄድ ቤተሰብ ሲመለስ የሻወሩን ራስ ባልዲ ውስጥ አስገብቶ ሙቁን ውሃ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቢለቀው መልካም ነው። አያት ወይም ሕፃን መጀመሪያ አይግቡበት።

ሙቅ ውሃው ከጋራ ማዕከል በሚመጣባቸው ፎቆች ሙቀቱን የሚወስነው የቦረትስላጉ ቦርድ ነው። ወገን ወደዚያ ስብሰባ ብዙም አይሄድም፤ «ቋንቋው ይከብዳል» ይባላል፤ ኪራይና ሂሳብ ሲጨመር ግን ቅሬታው በአማርኛ ይቀርባል። በፀደይ የስብሰባው ጥሪ በፖስታ ሳጥን ሲገባ ሁለት ጥያቄ ይዞ መሄድ አያቅትም፤ ከማዕከሉ የሚወጣው ውሃ ስንት ዲግሪ ነው? መጨረሻው ፎቅ ላይ ሲደርስስ ስንት ይሆናል?