የአፍንጫ መደፈን ሁሉ «ሳይነስ» አይደለም

በአማርኛ የዕለት ተዕለት ንግግር «ሳይነስ» የሚለው ቃል ከሕክምና ትርጉሙ ርቋል። በሕክምና ሳይነስ ማለት በግንባር፣ በጉንጭና በዓይኖች መካከል ባሉ አጥንቶች ውስጥ የሚገኝ አየር የያዘ ክፍተት ሲሆን፣ በጤነኛ ሰውም ዘንድ ያለ ነው። በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ ግን «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው በሽታ ማለቱ ነው። አፍንጫው የሚደፈንበት፣ አቧራ ሲነካው የሚያስነጥሰው፣ ብርድ ሲመታው ግንባሩን የሚያመው ሁሉ በዚህ አንድ ስም ይጠቃለላል። ከስያሜው በኋላ የሚከተለውም የታወቀ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይታጠናል፣ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ይገዛል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ ስያሜው ትክክል መስሎ ይቆያል። ችግሩ የሚገለጠው ከብዙዎቹ መካከል የጥቂቶቹ ሕመም ሌላ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ይህን ልማድ ከሚያጠናክሩት ነገሮች አንዱ የአፍንጫን መደፈን በስሜቱ ክብደት የመለካት ዝንባሌ ነው። ይሁን እንጂ የመታፈን ስሜት አስተማማኝ መለኪያ አይደለም። በጤነኛ ሰው እንኳ ሁለቱ የአፍንጫ ወገኖች እኩል አየር አያስተላልፉም፤ በውስጥ ያለው በደም ሥር የተሞላ ሥጋ በአንዱ ወገን ሲያብጥ በሌላው ይሟሽሻል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ተራው ይለዋወጣል። ይህን የአፍንጫ ዑደት ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1895 ገልጾታል። ሜንቶል ደግሞ የሚያልፈውን አየር ሳይጨምር፣ ቅዝቃዜን የሚለዩ ነርቮችን በመቀስቀስ ብቻ አፍንጫው የተከፈተ ያስመስላል። በመሆኑም እጅግ የሚያስጨንቅ መደፈን ተራ ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ ታማሚው ለምዶት የማያማርርበት መደፈን ደግሞ የዕጢ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከክብደቱ ይልቅ ሦስት ጥያቄዎች የተሻለ መንገድ ያሳያሉ፤ በየትኛው ወገን? ለምን ያህል ጊዜ? ከምን ጋር?

የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፈው ነው። ጉንፋንና አለርጂ በአብዛኛው ሁለቱንም ወገን ይይዛሉ፣ ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። ሳይዛወር በአንድ ወገን ብቻ የሚጸና መደፈን ግን ምክንያቱ በቦታው ሊፈለግ ይገባል። ምክንያቱ የአፍንጫው አካፋይ ግድግዳ መጣመም ሊሆን ይችላል። በሕፃን ላይ በአንድ ወገን የሚወርድ መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ ካለ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ሕፃኑ አፍንጫው ውስጥ ባቄላ፣ ዶቃ ወይም የአሻንጉሊት ባትሪ እንደከተተ መገመት አለበት። ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ስለሚያቃጥል ጉዳዩ ድንገተኛ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ተመሳሳይ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከላይኛው መንጋጋ የተበላሸ ጥርስ ወደ ጉንጭ ሳይነስ የተሻገረ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በአንድ ወገን የሚታይ ፖሊፕ መሰል እብጠትም ዕጢ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው የጊዜ ጥያቄ ነው። ጉንፋን ባብዛኛው በ10 ቀናት ውስጥ ይሻላል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ከተሻለ በኋላ እንደገና ከባሰ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአውሮፓ የራይኖሳይነሳይተስ መመሪያ ሕመሙን ሥር የሰደደ የሚለው ምልክቶቹ 12 ሳምንት ሲሞሉ ነው። እዚህ ላይ የጠብታው ነገር ይነሣል። ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የደም ሥሮችን በማጥበብ በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ይከፍታሉ፤ ነገር ግን ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰዱ እብጠቱ ይመለሳል፣ ይብሳልም። ታማሚው መድኃኒቱ የፈጠረውን መደፈን በዚያው መድኃኒት ለማከም ለወራት ይቸገራል። ለረጅም ጊዜ «ሳይነስ» አለብኝ የሚልን ሰው ምን ጠብታ እንደሚጠቀም መጠየቅ የምርመራው አካል ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚመለከተው አጃቢ ምልክቶችን ነው። የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ የእይታ መቀነስ ወይም ሁለት ሆኖ መታየት፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። ከምት በኋላ የሚደፈን አፍንጫም እንዲሁ ነው፤ በአካፋዩ ግድግዳ ሽፋን ሥር የተጠራቀመ ደም ፈጥኖ ካልወጣ ለስላሳው አጥንት ምግብ አጥቶ ይሞታል፣ አፍንጫውም ይሰረጉዳል። በአንድ ወገን የሚደጋገም ነስር፣ የጉንጭ መደንዘዝ፣ በአዋቂ ላይ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚቆይ የመድፈንና የመስማት መቀነስ ስሜት፣ እንዲሁም የአንገት እብጠት ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ስፔሻሊስት ሊያያቸው ይገባል። በኢትዮጵያ የአንገት እብጠት በቅድሚያ የዕጢ ቲቢን ማስጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሣ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክቱ ሕመም የሌለው የአንገት እብጠት ሊሆን ስለሚችል፣ ከላይ ከተጠቀሱት ምልክቶች አንዱ አብሮ ካለ የአፍንጫው ጀርባ ሳይታይ ማለፍ የለበትም።

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስቶች ጥቂት በሆኑበትና ያሉትም በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች በተሰባሰቡበት ሀገር ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ይሁንና ሦስቱን ጥያቄዎች የበለጠ አስፈላጊ የሚያደርጋቸው ይኸው እጥረት ነው። መደፈኑ በሁለቱም ወገን የሆነ፣ ከ10 ቀን ያላለፈና አስጊ ምልክት የሌለው ሰው ጉዞ አያስፈልገውም፤ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተዘጋጀ የጨው ውህድ አፍንጫን ማጠብ ሊበቃው ይችላል። አለርጂ ያለበትም ጤና ጣቢያ ሊረዳው ይችላል። በዚህ የሚተርፈው የስፔሻሊስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ለሚያድርና ለሚያንኮራፋ ሕፃን፣ በአንድ ወገን ለሚደማ አዋቂ ይውላል። ሦስቱንም ጥያቄዎች ለመጠየቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማንኛውም የጤና ባለሙያ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳቸዋል።

ጉዳዩ ተመራማሪዎችንም ይመለከታል። «ሳይነስ አለብዎት?» የሚል የአማርኛ መጠይቅ የሚለካው የቃሉን መስፋፋት እንጂ የበሽታውን ስርጭት አይደለም። በሕሙማን ካርድ ላይ ወገንና ጊዜ ሳይጻፍ «ሳይነሳይተስ» ተብሎ ብቻ የሚመዘገብ መረጃም ለጥናት የሚተርፈው ጥቂት ነው። መጠይቅ የሚያዘጋጁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በስያሜው ፈንታ ምልክቶቹን ከጠየቁ፣ የትኛው ወገን እንደሆነና ለስንት ሳምንት እንደቆየ ካስመዘገቡ፣ ስንት ታማሚ በ«ሳይነስ» ስም ዘግይቶ እንደሚደርስ ማወቅ ይቻላል። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ስያሜው በሽታውን መሸፈኑን ይቀጥላል።