እጄ ደንዝዟል ማለት ነውር ነው እንዴ?

ስለ ዮጋ ሲነሳ ሁሉም ሰው «ዘና ያደርጋል» ይላል። ልክ ነው፣ ያደርጋል። የእጅ አንጓው ውስጥ ነርቭ ለተጫነበት ሰው ግን ዮጋ ክፍል ውስጥ ትልቁ አደጋ እንቅስቃሴው ሳይሆን ይሉኝታው ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጓችን ላይ፣ በመዳፍ በኩል፣ ካርፓል ተነል የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የተባለው ነርቭ ተጣበው ያልፉበታል። ቦታው ሲጠብ ነርቩ ይጫናል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳሉ። አንጓ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። አሁን ፕላንክን አስቡት፦ መዳፍ መሬት ላይ፣ አንጓ ታጥፎ፣ የሰውነት ክብደት ከላይ።

ታዲያ ዮጋ ይቅር? ኧረ አይቅር! በ1998 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ይህ ችግር ካለባቸው 42 ሰዎች መካከል ለ8 ሳምንት ዮጋ የሠሩት ሕመማቸው እንደቀነሰና የመጨበጥ ኃይላቸው እንደጨመረ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ የተሠሩት ተመርጠው የተዘጋጁ 11 እንቅስቃሴዎች ናቸው። ነርቩ መልእክት በሚያስተላልፍበት ፍጥነት ላይም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ሕመም ቀነሰ ማለት ነርቩ ዳነ ማለት አይደለም።

ክፍል ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አስተማሪው «ትንሽ ታገሱ» ይላል። አጠገባችን ያለችው ልጅ ንቅንቅ አትልም። እጁ የደነዘዘው ሰውም «ሰነፍ ይሉኛል» ብሎ ጥርሱን ነክሶ ይቆያል። የጡንቻ ድካም ይታገሡታል፤ መደንዘዝን ግን መታገሥ ጀግንነት አይደለም። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ ይከሳል፤ ያኔ ቀዶ ሕክምናም ሙሉ በሙሉ ላይመልሰው ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፕላንኩን አንጓ ሳይታጠፍ በክንድ ወይም በቡጢ ተደግፎ መሥራት ይቻላል፤ እጁ ከደነዘዘ ደግሞ ማቆም። አስተማሪዎችም ከመጀመራችሁ በፊት «እጁ የሚደነዝዘው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መደንዘዙ ከሰነበተ፣ ወይም ዕቃ ከእጅ እያመለጠ መውደቅ ከጀመረ፣ ጉዳዩ የአስተማሪ ሳይሆን የሐኪም ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ምንጣፍ ላይም ያው ነው።