በብርጭቆም ቢቀዳ

ቡና እየጠጣን ከአንድ ወዳጄ ጋር ክርክር ገጠምን። «የድሮ ፓይለት ነው ፓይለት! እነዚያን ሰዓት የሚመስሉ ክብ መሣሪያዎች እያየ በእጁ ያበር ነበር። የዛሬዎቹማ ቴሌቪዥን ተመልካች ናቸው» አለኝ።

እውነት አለው፤ ግን ግማሽ።

ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር የነበረው የኤር ፍራንስ ኤርባስ 330 አትላንቲክ ላይ ሳለ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹን በረዶ ደፈናቸው። አውቶፓይለቱ «ከእንግዲህ እናንተው ያዙት» ያለ ያህል ለቀቀ። ረዳት አብራሪው አፍንጫውን ሽቅብ ሳበው፤ ክንፎቹ አውሮፕላኑን መሸከም አቃታቸው። ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ እየጮኸ 228 ሰው ባሕር ገባ። ሞተሮቹ ይሠሩ ነበር። የጠፋው የፍጥነት ንባብም ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሷል። ያልተመለሰው የሰዎቹ ቀልብ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ትናንሽ አውሮፕላኖችን አጥንቶ ነበር። ስክሪን የተገጠመላቸው በጠቅላላው የአደጋ መጠናቸው ያነሰ፣ ሰው የሚገድል አደጋ መጠናቸው ግን የበዛ ሆኖ ተገኘ። ቦርዱ ታዲያ «ስክሪኑን ንቀሉ» አላለም፤ «ሥልጠናውን አሻሽሉ» ነው ያለው።

ወዳጄ የረሳው ነገር ይኸው ነው፤ የድሮው መርፌም የሚጠጣው ከዚያው ቱቦ ነው። ቱቦው ከተደፈነ መርፌውም ይዋሻል።

ደግሞ የራሳችን ሐዘን አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው የጨረሰውን ቦይንግ 737 ማክስ አስታውሱ። ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት ዳሳሾች አንዱ 74.5፣ ሌላው 15 ዲግሪ ገደማ ይል ነበር። ኤምካስ የተባለው ሲስተም የተሳሳተውን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ገፋ። «ሁለቱ አልተስማሙም» ብሎ በስክሪን መናገር የነበረበት ማስጠንቀቂያ በብዙዎቹ ማክሶች ላይ አይሠራም ነበር፤ ለብቻው ከሚሸጥ አማራጭ ጋር ታስሮ! ቦይንግ ይህን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያውቅ ነበር። ይህም ሆኖ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ የባሕር ማዶ ሰዎች አልጠፉም። እስቲ ልጠይቃቸው፦ ያልተጻፈውን ማን ያንብብ?

እኔ የምለው እንዲህ ነው። አየር መንገዶች አብራሪው እጁ እንዳይዝግ በእጁ እንዲያበር ጊዜ ይስጡት። አምራቾችም እውነትን እንደ ተጨማሪ ዕቃ አይሽጡ። ምንጩ የደፈረሰ ውሃ በቅልም ተቀዳ በብርጭቆ ያው ድፍርስ ነው፤ የሚጠጣው ግን ተሳፋሪው ነው።