ፖምፓውን አትንኩት!

የኤሌክትሪክ የውሃ ፖምፓ ለአሮጌ ላንድሮቨር መድኃኒቱ ነው የሚለኝ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቴርሞስታቱ የት እንደገባ ይንገረኝ። አውጥታችሁ ጥላችሁታል! ሰቃ፣ ጅማ ወይም አጋሮ ላይ የአሮጌ መኪና ኮፈን ክፈቱ፤ ቴርሞስታቱ በቦታው ያለ ሞተር ማግኘት ብርቅ ነው። «እኛ አገር ሙቀት ነው፣ አያስፈልግም» ተብሎ ተነቅሏል። ያንን የነቀለ እጅ ነው ዛሬ ተመልሶ መጥቶ «ጥፋቱ የፖምፓው ነው፣ በኤሌክትሪክ እንቀይረው» የሚለው።

ንዴቴ ከሜዳ አልመጣም። ሰቃ ላይ አንድ ጎረቤቴ ከአባቱ የወረሰው ላንድሮቨር አለው። ከገጠር ቀበሌዎች ቡና ያወርዳል፤ መንገዱ ሲጨቀይ አይሱዙ የማይደፍረውን ይደፍራል። በቡና ለቀማ ወቅት ማሞቅ ጀመረና ጋራዥ አስገባው። ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከነመቆጣጠሪያው እንዲያስገጥም ተመከረ። ራዲያተሩን ያየለት የለም። ክዳኑን የነካ የለም። ቴርሞስታት ይኑረው አይኑረው የጠየቀ የለም። ወባ የያዘውን ሰው ደሙን ሳይመረምሩ አልጋውን ቀይሩለት እንደማለት ነው። ደግሞ ምክሩ በድፍረት ነው የተሰጠው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ድፍረት ነው።

እስቲ ከክዳኑ እንጀምር፤ ማንም የማያከብረው ዕቃ እሱ ነውና። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪን አይጠብቅም፤ 94 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ነው የሚውለው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ በደህና ሥራና በመፍላት መካከል የቀረችው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ናት። የላንድሮቨሩ ክዳን በካሬ ኢንች 9 ፓውንድ ገደማ ግፊት እንዲይዝ የተሠራ ነው። ያንን ከያዘ፣ ያው ውሃ እዚሁ ጅማ ላይ 110 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይፈላም። ይህን ሁሉ ፋታ የሚሰጠው አንድ ላስቲክና አንድ ሞላ ነው! ላስቲኩ ደርቆ ሲሰነጠቅ እኛ ምን እናደርጋለን? ጨርቅ ጠቅልለን፣ ወይም ከሌላ መኪና የመጣ የማይገጥም ክዳን አጥብቀን እንዘጋለን። ከዚያ ውሃው ገንፍሎ ሲወጣ ፖምፓውን እንረግማለን።

ቴርሞስታት መንቀልም እንደዚሁ የኛ ጥፋት ነው። ቴርሞስታት የተሠራው ለበረዶ አገር ብቻ አይደለም። ሞተሩ ቶሎ ወደ ሥራ ሙቀቱ እንዲደርስ ያደርጋል። ሳይሞቅ የሚውል ሞተር ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ሲሊንደሩ ይሞረዳል። ከዚህም የባሰ አለ። ብዙ የድሮ ሞተሮች ላይ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ፖምፓው የሚመለስበት ማለፊያ ቧንቧ አለ፤ አንዳንዶቹ ቴርሞስታቶች ሲከፈቱ ያንን ማለፊያ እንዲዘጉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለውን ቴርሞስታት ስትነቅሉ ማለፊያው ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። እንዲቀዘቅዝ ብላችሁ የነቀላችሁት ራሱ ያሞቀዋል ማለት ነው!

ውሃውስ? ከወንዝ በጀሪካን የተቀዳ፣ ደለሉ ያልጠለለ ውሃ ስንት ዓመት ነው የምናጠጣው? ኩላንት ለውርጭ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ አገር የሚያስፈልገን በዋናነት ዝገት ስለሚከላከል ነው። የብረት ሞተር በጥሬ ውሃ ይዝጋል፤ የዛገው ተቀርፎ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ግማሹ የተደፈነ ራዲያተር ላይ የፈለጋችሁትን ፖምፓ ብትገጥሙ ውሃው የሚያልፍበት መንገድ የለም። ቀለም የገባበትን ውሃ ኩላንት ብሎ የሚሸጠውን ነጋዴማ ምን ልበለው? እሱ ቡና ላይ አፈር ከሚቀላቅለው በምንም አይሻልም።

አሁን ወደ ፖምፓው እንምጣ። ላንድሮቨሩ ላይ የአየር ማራገቢያው የተገጠመው የውሃ ፖምፓው ዘንግ ላይ ነው። ያው ቺንጋ ዲናሞውንም ያዞራል። ስለዚህ የድሮውን ፖምፓ ሥራ ስታስፈቱ ማራገቢያውንም አብራችሁ ታጣላችሁ፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያም መግዛት ግድ ይሆናል። መብራቱስ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ላንድሮቨር ላይ ያለው የሉካስ ዲናሞ ጥሩ ሲዞር የሚሰጠው 22 አምፔር ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲያንጎራጉርማ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ትልቁ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም 10 አምፔር ገደማ ይወስዳል። የፊት መብራቶቹ ሌላ 10። ማራገቢያው ከ10 አያንስም። ካንዴላውን የሚያቀጣጥለውንም ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ1971 በመጣው ሲሪዝ 3 ላይ ያለው ኦልተርኔተር 34 አምፔር ይደርሳል፤ እሱም በዚህ ሸክም ትንፋሹ ይቆማል። ማታ ከሰቃ ወደ ጅማ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ መብራት በርቶ፣ ዝናብ መጥረጊያው እየሠራ፤ ባትሪው ቀስ በቀስ ይሞታል፣ ባትሪው ሲሞት ፖምፓው ይሞታል፣ ፖምፓው ሲሞት ቴስታታው ይጣመማል። ይህን ስሌት ሳይሠራ ፖምፓ የሚሸጥ ሰው ባለሙያ አይባልም።

የኤሌክትሪኩ ፖምፓ ደጋፊዎች የሚያነሱት አንድ እውነተኛ ነጥብ አለ። በቺንጋ የሚዞር ፖምፓ ሞተሩ ሲያዘግም እሱም ያዘግማል። አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ላይ መኪና ተሰልፎ ሲቆም ይህ ጉድለት ነው። ሰቃ ግን ሜክሲኮ አይደለችም! እዚህ ላንድሮቨሩ የሚቸገረው ጭቃ ውስጥ፣ ዳገት ላይ፣ በአጭሩ ማርሽ ሲሄድ ነው። ያኔ ጎማው ቢያዘግምም ሞተሩ በኃይል ይዞራል፤ ፖምፓውና ማራገቢያውም አብረውት በኃይል ይዞራሉ። እንግሊዞቹ ይህን መኪና የሠሩት ለእርሻና ለጭቃ ነው፤ ውሃ የሚያዞርበትም መንገድ ለዚያው የተመቸ ነው። የሌላ ከተማን ችግር አምጥታችሁ በኛ መኪና ላይ አትጫኑ።

«ቢኤምደብሊውም ቶዮታም ወደ ኤሌክትሪክ ፖምፓ ሄደዋል» ይሉኛል። ሄደዋል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ላይ አደረገው፤ ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሪየስ ላይ ቺንጋውን ጭራሽ አስቀረ። እነዚያ ግን ከመጀመሪያው እንዲህ ተብለው የተነደፉ ሞተሮች ናቸው። ፖምፓው ሲደክም ኮምፒውተሩ ያውቃል፣ መብራት ያበራል፣ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ላንድሮቨሩ የሚያውቅለት ኮምፒውተር የለውም፤ ያለው ሹፌሩና አንዲት የሙቀት መለኪያ ናት፤ እሷም ስንቱ መኪና ላይ እንደምትሠራ እናውቃለን። ቢኤምደብሊው የያዘ ሰው ደግሞ ያ ፖምፓ አንድ ቀን ድንገት ቀጥ እንደሚል ይነግራችኋል።

በቺንጋ የሚዞረው የብረቱ ፖምፓ ግን ከመሞቱ በፊት ይናገራል። ከሥሩ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ኩሽኔታው ይጮኻል፤ ማራገቢያውን በእጅ ስትነቀንቁት ይወላውላል። ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ፋታ ይሰጣል። ሲበላሽም ይፈታል፤ ኩሽኔታው ይቀየራል፣ ዘንጉ ቶርኖ ቤት ይሠራል። የኤሌክትሪኩ ታሽጎ የመጣ ነው፤ ከተቃጠለ ተጣለ። ጅማ ላይ መለዋወጫው የለም፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዳችሁም ላታገኙት ትችላላችሁ። ግቤ በረሃ ላይ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ አበልቲ ዳገቱን ስትያያዙት ቢቆምባችሁ ማን ይደርስላችኋል? ቺንጋ ቢበጠስ ግን ሹፌሩ ከወንበሩ ሥር ትርፍ አውጥቶ በሩብ ሰዓት ይገጥማል።

አሮጌ መኪና መጠገንን እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሚያይ ካለ ተሳስቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ናረ። ቡና ገበሬው ለጭቃ መንገዱ አዲስ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና የሚገዛበት አቅም የለውም፤ ያለችው ይህችው አሮጌ መኪና ናት። በስንፍና የተጣመመች አንዲት ቴስታታ የአንድ ቤተሰብ ዓመት ልትበላ ትችላለች። ለኤሌክትሪክ ፖምፓው የሚወጣው ገንዘብ ራዲያተር አስጠርጎ፣ ክዳን ገዝቶ፣ ቴርሞስታት መልሶ፣ ኩላንት ሞልቶ፣ ማኒኮቶዎቹን ሁሉ ቀይሮ የሚተርፍ ነው።

የኤሌክትሪክ ፖምፓን ጨርሶ አልጠላም። የብረቱ ፖምፓ ጭራሽ የማይገኝለት ብርቅ መኪና ያለው ሰው፣ ጠንካራ ኦልተርኔተር ካስገባ፣ ሙቀት ሲያልፍ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ካስገጠመ፣ ትርፍ ፖምፓም በሣጥን ከያዘ ይግጠም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ውሃ ማዞር መቻሉም ጥቅም ነው፤ አልክድም። ግን ይህ በመጨረሻ የሚመጣ እንጂ የሚጀመርበት ነገር አይደለም።

እናንተ ጋራዦች፣ ከዛሬ ጀምሮ ያሞቀ መኪና ሲመጣላችሁ የክዳኑንና የራዲያተሩን ግፊት በመለኪያ ለኩ። መሣሪያው በእጅ የሚነፋ ትንሽ ፖምፓና አንድ ጌጅ ነው፤ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከማስመጣት በእጅጉ ይረክሳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ መካኒካል ምህንድስና የሚማሩ ልጆች አሉት። መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን ይዘው በቡና ወቅት ሰቃ ገበያ ቢመጡ፣ መለኪያቸውን ይዘው ሦስት መኪና ቢፈትሹ፣ እኔ የምጮኽበትን ነገር በአንድ ጠዋት ለሹፌሩ ሁሉ በዓይኑ ያሳዩታል። ጎረቤቴ ላንድሮቨሩን አንደኛ አድርጎ ያሰልፋል፤ አነጋግሬዋለሁ።