ትችትና ስድብ ለየቅል ናቸው



ምርጫ በደረሰ ቁጥር፣ በእኛ በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ፣ «ሕዝብ እኮ ስድብ ይወዳል፤ ተቀናቃኙን ያዋረደ ያሸንፋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ኧረ አይደለም! መራጩ ያዳምጣል፣ ይስቅም ይሆናል፤ ሳቀ ማለት ግን ድምፁን ሰጠ ማለት አይደለም።

ለዚህ የ1997ቱን ምርጫ ማስታወስ ይበቃል። ያን ጊዜ የፓርቲዎቹ ክርክር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አገር ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ነበር። አንዱ የሌላውን የመሬት ወይም የትምህርት ፖሊሲ ሲነቅፍ መራጩ ከክርክሩ ትምህርት ቀስሟል። ነገር ግን ሚያዝያ 7 ቀን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ አዲሱ ለገሠ ተቃዋሚዎችን፣ በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ እልቂት ከፈጸመው ከኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰሉ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ይህንኑ በቅንጅት ላይ ደገሙት። ተቃዋሚዎችም ያንኑ ቃል መልሰው በመንግሥት ላይ ወረወሩት። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች እንዲህ ያለውን አነጋገር ነቀፉ።

ታዲያ ምን ተገኘ? ግንቦት 7 ቀን በተሰጠው ድምፅ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ቢኖርም፣ ያ ማስፈራሪያ የከተማውን መራጭ እንዳልመለሰው ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ምሁራን 111 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። የማጥላላት ቅስቀሳ ከሌላው ይበልጥ በሰው አእምሮ ይቀራል፤ ድምፅ ለማስገኘቱ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ያለውን እምነትም በመጠኑ ይቀንሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለው ለዚህ ነው።

ወገኖች፣ ተወዳዳሪው ቀስቅሶ ይሄዳል፤ እኛ ግን እዚሁ እንቀራለን። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሶማሌው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ነገ በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣል። አንድ ተናጋሪ በመድረክ ላይ የጣለውን ክፉ ቃል የሚሸከመው ጎረቤት ነው።

ይህን ስንል ማንም አይተች ማለታችን አይደለም። የቧንቧው ውኃ ለምን ጠፋ? ከጫት የተሰበሰበው ቀረጥ ምን ላይ ዋለ? ይህ ስድብ አይደለም፤ የዜጋ መብት ነው፤ የተጠየቀውም መልስ መስጠት አለበት። ሰውን በዘሩና በሃይማኖቱ እንዲጠላ መቀስቀስ ግን በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጭምር የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ወደፊት ቀስቃሽ መጥቶ ተቀናቃኙን መሳደብ ሲጀምር አናጨብጭብለት። ከመካከላችን አንድ ሰው እጁን አውጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ሰውዬው ያልሠራውን ይንገሩን፤ እርስዎስ ምን ሊሠሩልን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያለው ይመልሳል፤ የሌለውንም ያን ጊዜ እናውቀዋለን።