ለተዳፋት የሚበቃ ፍሬን፦ ለቴንደራችን የትኛውን ዲስክ እንምረጥ?

በዚህ ዓምድ በአዲሱ አገራችን ለዕለት ኑሯችን የሚያስፈልጉንን ነገሮች በየተራ እናነሳለን። ዛሬ የምናነሳው ስለ መኪና ፍሬን፣ በተለይም ከጎማው ጀርባ ስላለው ክብ ብረት፣ ስለ ዲስኩ ነው። ነገሩ የመካኒኮች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የምንኖረው በካርሜል ተራራ ግርጌ ነው። ከቲራት ካርሜል ለሥራ ወደ ላይ የወጣ ሁሉ ማታ መውረዱ አይቀርም፤ የሚወርደውም ዕቃውንና ሰዎቹን ይዞ ነው።

እዚህ አገር ከኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት ፒክአፕ ቴንደር ይሉታል። ለአንድ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ቴንደር የእንጀራ ገመድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለፍሬኑ የሚወጣው ገንዘብ በቦታው መዋል አለበት።

በቅርቡ አንድ አባትና ልጅ በዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ ሰማን። አባትዬው በአትክልት ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆን ልጃቸው ከሠራዊት ከተመለሰ ወዲህ አብሯቸው ይሠራል። የቴንደሩን ሞተር አጠንክሮታል፣ ጎማውንም በትልቅ ለውጦታል። አሁን ደግሞ፣ «አባባ፣ ፍሬኑ ብቻ ለምን እንደ ድሮው ይቀራል? ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የስፖርት ዲስክ እናስገባለት» ይላል። አባትዬውም፣ «ልጄ፣ ብረቱ ተበስቶ ሲጎድል ዋጋው የሚጨምረው ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህንንም ለማየት አስቀድሞ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው የሊማሊሞን ቁልቁለት ያውቃል። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሄደም በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለውን የአባይ በረሃ አይረሳውም። እዚያ የጭነት መኪና ሲወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይሸታል። ምክንያቱም ፍሬን መኪናን የሚያቆመው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። 2,500 ኪሎ የሚመዝን ቴንደር 400 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ሁሉ ሙቀት ቢሆን፣ ወደ 30 ሊትር የሚጠጋ የቧንቧ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ የሚወስዱት ድርሻ አለ፤ የቀረውን የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ጎማ ሲገባም ያው ዲስክ ጎማውን ለመያዝ የበለጠ ይቸገራል። ልጁ ስለ ፍሬኑ ማሰቡ ትክክል ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ዲስክ ፍሬን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሐሳብ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር በ1902 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦበታል። ጥቅሙ በሰፊው የታየው ግን በ1953 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በሌ ማን የሚደረገውን የ24 ሰዓት ውድድር ጃጓር በዲስክ ፍሬን ባሸነፈ ጊዜ ነው።

አሁን በገበያ ላይ የምናገኛቸውን ዓይነቶች እንመልከት። የዕብራይስጡንም ስም አብረን የጻፍነው ጋራዥ ስትገቡ እንዲጠቅማችሁ ነው።

አንደኛው ልሙጥ ዲስክ ነው። በቴንደር የፊት ጎማ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገጠመው ልሙጥ ሆኖ በሁለቱ ፊቶቹ መካከል አየር መተላለፊያ ያለው ነው፤ ይህንንም ሜኡቭራር ይሉታል። ዲስኩ ሲሽከረከር አየሩን ከመሐል ስቦ ወደ ዳር ያወጣል፤ በዚህም ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ያለው፣ ሜሑራር የሚባለው ነው። ቀዳዳው የመጣበት ምክንያት ነበረው። የቀድሞ ሸራዎች በጣም ሲሞቁ ጋዝ ያወጡ ስለነበር ለዚያ መውጫ ያስፈልግ ነበር። የዛሬዎቹ ሸራዎች ግን ይህ ችግር ብዙም የለባቸውም። ቀዳዳው ውኃን በማስወገድ ይረዳል። ነገር ግን ከባድ ጭነት ተሸክሞ ረጅም ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ጉዳት አለው፤ ሙቀቱን የሚይዘው ብረት ይቀንሳል፣ ስንጥቅም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው።

ሦስተኛው በፊቱ ላይ ቦይ የተቀደደበት፣ ሜሑራጽ የሚባለው ነው። ቦዩ የሸራውን ፊት እየጠረገ አቧራውንና ውኃውን ያስወጣል፣ እንደ ቀዳዳውም ብረቱን አያዳክምም። በሌላ በኩል ሸራን ቶሎ ይበላል፣ ሲይዝም ሊጮህ ይችላል።

አራተኛው ከቀድሞው የሰፋ ዲስክ ነው። በእርግጥ የፍሬን ጉልበት የሚጨምረው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ሸራው ዲስኩን የሚይዘው ከመሐሉ ርቆ ሲሆን ሙቀት የሚይዘውም ብረት ብዙ ነው። ነገር ግን ዲስኩ ብቻውን አይለወጥም፤ ሸራውን የሚይዘው ካሊፐርም አብሮ ይለወጣል ወይም ይዛወራል፣ ቸርኬውም ሊያሳልፈው ይገባል። ይህን የመሰለ የመኪናን አሠራር የሚለውጥ ሥራ የትራንስፖርት ሚኒስቴርን ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ አንዲት ብሎን ከመፈታቷ በፊት ፈቃድ ያለውን ጋራዥ፣ ማለትም ሙሳኽ ሙርሼን መጠየቅ ያስፈልጋል። የጎማውም መጠን በመኪናው ፈቃድ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማት አለበት። ያለዚያ በዓመታዊው ቴስት መውደቅ ይመጣል፤ አደጋ ሲደርስም ከኢንሹራንስ ጋር ክርክር ሊነሳ ይችላል።

ታዲያ የአባትና የልጁ ቴንደር ምን ያስፈልገዋል? አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም ከማጌጥ መጠገን ይቅደም እንላለን። ዕቃና ሰው ጭኖ ካርሜልን ለሚወርድ መኪና የምንመክረው ጥሩ ሥራ ያለውን ልሙጥ ሜኡቭራር ዲስክ ነው። ቢቻል ካርቦን የበዛበት ብረት ይሁን፤ የሙቀት ስንጥቅን በተሻለ ይቋቋማል። ባሕሩ ቅርባችን ስለሆነ ጠርዙና መሐሉ የዝገት መከላከያ የተቀባ ቢሆን ይመረጣል። የቦይ ዲስክ የሚፈልግም ጩኸቱንና የሸራውን ወጪ አውቆ ይግዛ። ቀዳዳውን ግን ለዚህ ሥራ አንመርጠውም።

ከዲስኩ እኩል መታሰብ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ሸራው ነው፤ በዕብራይስጥ ሬፊዶት ይባላል። ለውድድር የተሠራ ሸራ ቀዝቅዞ ሳለ በደንብ ላይዝ ስለሚችል ለጭነት መኪና ተብሎ የተሠራውን ጠይቁ። ሁለተኛው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን በ155 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ማስለወጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ምልክቶቹንም እንወቅ። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው በሙቀት ደክሟል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቶ ወይም አየር ገብቶበት ይሆናል፤ ይህ አደገኛ ነው። ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የዲስኩ ፊት እኩል አይደለም።

ጋራዥ ስትገቡ የሚከተሉትን አትርሱ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን በጽሑፍ፣ ማለትም ሀጻዓት መሒር ጠይቁ። ዕቃው መኮሪ ነው ወይስ ታሕሊፊ ብላችሁ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው የአምራቹ ዕቃ ሲሆን ሁለተኛው ምትክ ነው፤ ጥሩ ምትክም አለ። በአሮጌው ዲስክ ላይ ዝቅተኛው የውፍረት ልክ በሚሊሜትር ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ተለክቶ እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ፤ ከልኩ በላይ ከሆነ መለወጥ ላያስፈልግ ይችላል። ሲለወጥ ግን የግራውና የቀኙ አብረው ይለወጡ፤ አዲስ ሸራም ይግባ። ዲስኩ የሚያርፍበት ቦታ ከዝገት ተጠርጎ ይጽዳ። አሮጌውን ዕቃ አሳዩኝ ማለት አያሳፍርም። በመጨረሻም ሔሽቦኒት፣ ማለትም ደረሰኝ ያዙ። ከተመረተ 15 ዓመት ያለፈው መኪና ለቴስት የፍሬን ማረጋገጫ ከጋራዥ ማምጣት ስለሚኖርበት፣ አሮጌ ቴንደር የምትገዙ ይህን ወጪ አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

አዲስ ዲስክና ሸራ እስኪላመዱ ድረስ በዚያው ቀን ጭናችሁ ተራራ አትውረዱ። ባዶ በሆነ መንገድ ላይ ከመጠነኛ ፍጥነት ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ያዙ፤ በየመካከሉም እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጡት።

ከሁሉም በላይ ያለው ፍሬን በነጻ የሚገኝ ነው፤ እርሱም ማርሽ ነው። የአባይ በረሃ ሾፌሮች እንደሚያደርጉት፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ። ከዩኒቨርሲቲው በኩል በፍሮይድ መንገድ ወደ ባሕሩ ስትወርዱ እግራችሁን ፍሬን ላይ አሳርፋችሁ አትጓዙ፤ አጥብቃችሁ ያዙና ልቀቁት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ አስፋልቱ ስለሚያንሸራትት ርቀታችሁን ጨምሩ። ማንኛውም ዲስክ ቢሆን ከጎማው መያዣ አቅም በላይ አያቆምም።

እስከሚቀጥለው እትም ድረስ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።