ያለ ስኳር

ቅዳሜ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ሲቀዳ «የእኔን ያለ ስኳር» አልኩ። የስኳር በሽታ የለብኝም፤ እንዲሁ ለራሴ የቆረጥኩት ነገር ነው። የቤቱ ልጅ ቀበል አድርጎ «ጋሼ፣ ስለተወደደ ነው አይደል?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የተናደድኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ይህቺ ቀልድ አሮጊት ናት። እንግሊዛዊው ካርቱኒስት ጄምስ ጊልሬይ እ.ኤ.አ. በ1792 ስሏታል። ለንደን የባሪያ ንግድ ይቅር አይቅር እያለች ስትሟገት፣ ብዙ ቤተሰብ በካሪቢያን ባሮች ጉልበት የተመረተ ስኳር አንቀምስም ብሎ ነበር። ጊልሬይ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛን ከነቤተሰባቸው ሻይ ላይ አስቀመጣቸው። ንግሥቲቱ ልጆቻቸውን ያባብላሉ፦ ያለ ስኳር መጣፈጡ፣ የምስኪኖቹን ልፋት ማቅለሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአባታችሁን ወጪ መቀነሱ! ልዕልቶቹ አኩርፈው ሲኒያቸውን ያያሉ። ንጉሡ ቋጣሪ ናቸው ተብሎ ይታሙ ስለነበር ሳቁ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሸንኮራ ቆራጩ ግን ስዕሉ ውስጥ የለም። ይኸው ጊልሬይ ግን በ1791 ስሎት ነበር፤ በሚፈላ የሸንኮራ ጭማቂ በርሜል ውስጥ የተነከረ ሰው፣ እጅና እግሩ ብቻ ብቅ ብሎ፤ አሠሪው ከላይ ያማስለዋል፤ ግድግዳው ላይ የተቆረጠ ክንድ ተቸንክሯል። ሁለቱም ስዕሎች የወጡት ከአንድ አሳታሚ፣ ከሐና ሃምፍሪ ሱቅ ነው።

ታዲያ ሰውዬው የማን ወገን ነበር? የሱቁ መስኮት ወገን ነው! መስኮቱ ጋ ቆሞ የሚስቅ እስካለ ድረስ ሁሉም ይሳላል። በ1826 ደግሞ ሮበርት ክሩክሻንክ የእንግሊዝን ሕዝብ የሚወክለውን ጆን ቡልን መነጽር አስይዞ ሳለው፤ ባርነት ይቅር ባዮች የግርፋት ስዕል ከመነጽሩ ፊት ደቅነውበታል፣ ከስዕሉ ወዲያ ባሮቹ ይጨፍራሉ። ካርቱን ስዕልን በውሸታምነት ሲከስ!

ፓርላማው በ1833 የባርነት መሻሪያውን ሕግ ሲያወጣ ለባሪያ ባለቤቶች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ፤ ለባሮቹ ሰባራ ሳንቲም የለም። ቋጣሪ ከተፈለገ ይኸውላችሁ።

በነገራችን ላይ ቅዳሜ ቶናው ሲመጣ ሁለት ማንኪያ ጨምሬ ጠጣሁ። ልጁ እያየኝ ነበር።